ሐዲዱ ተነቅሏል፣ መንገዱ ግን አለ፦ ስለ ሊንዲስፋርን የኖራ ሐዲድ ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁ። ጸሐፊው እንግሊዝ አገር ሄደው ሊንዲስፋርን የምትባለውን ደሴት ጎብኝተው ተመልሰዋል። ደሴቲቱን ወደዋታል። ስለ ገዳሟ የጻፉትም ልብ ይነካል። ከዚያ ግን ወደ አንድ ነገር ዞሩና ተቆጡ። እዚያ ያለውን የድሮ የኖራ ማቃጠያና ድንጋይ ይመላለስበት የነበረውን የሐዲድ መንገድ ቅርስ ብሎ መጠበቅ ከንቱ ድካም ነው አሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ነገሩን ወደ እኛ አመጡት። ባሕር ዳርም ሐይቁ ዳር የቀረውን አሮጌ ብረትና ሲሚንቶ ጠራርጋ ታንሳ፣ ለእንግዳ ገዳማቱና ጢስ አባይ ይበቃሉ ብለው ዘጉ።

እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግሁት። ለትምህርት ኒውካስል ከተማ አንድ ዓመት ስቀመጥ ደግሞ ያንን የሐዲድ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግሬ ሄጄበታለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልሁም። ጸሐፊውን አከብራለሁ፤ አገራቸውን ወደው እንደጻፉ ይታየኛል። ግን አምስቱም ምክንያቶቻቸው አላሳመኑኝም። አንድ በአንድ ልመልስ።

መጀመሪያ ያሉት ይህ ነው፦ ሐዲዱ የለም፣ ብረቱ ተነቅሎ ሄዷል፣ የሌለን ነገር መጠበቅ አይቻልም።

ብረቱ መሄዱ እውነት ነው። ግን የሐዲድ መንገድ ብረት ብቻ ነው እንዴ? ያየሁትን ልንገራችሁ።

ደሴቲቱ ከእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከኖርዘምበርላንድ ጠረፍ ፊት ለፊት ናት። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይሞላል። ሲሸሽ በመኪና ትገባለህ። ሲሞላ መንገዱ ውኃ ውስጥ ይገባና እዚያው ትቀራለህ። ዛሬ መኪና የሚሄድበት መንገድ የተጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ከዚያ በፊት ሰው አሸዋው ላይ በተተከሉ እንጨቶች እየተመራ ነበር የሚሻገረው። ነዋሪዎቹ ሁለት መቶ አይሞሉም።

በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ አንድ ቋጥኝ ላይ ግንብ አለ። ሁሉም ሰው ፎቶ የሚያነሳው እሱን ነው። ከግንቡ ሥር ወደ ባሕሩ በኩል ዞር ስትል ግን ትልልቅ የድንጋይ ቅስቶች ታያለህ። የኖራ ምድጃዎቹ እነዚህ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ያሠራቸው ዊልያም ኒኮል የሚባል የስኮትላንድ የዳንዲ ከተማ ነጋዴ ነው። ውስጣቸው ስትገባ ጨለማና ቅዝቃዜ ነው። ድምፅህ ይመለስልሃል። ስመለከታቸው ትዝ ያለኝ የጎንደር ግንብ ምድር ቤት ነበር።

ከምድጃዎቹ ጀርባ ሣር የለበሰ አንድ ድልድል ይነሳል። ባሕሩን በቀኝ፣ እርሻውን በግራ አድርጎ ወደ ሰሜን ይሄዳል። መጀመሪያ ስትረግጠው ተራ የእግር መንገድ ይመስልሃል። ጥቂት ከሄድህ በኋላ ግን እግርህ አንድ ነገር ይነግርሃል፤ መሬቱ ከልክ በላይ ልክ ነው። ዙሪያው ያለው መስክ ሲጎደጉድ ይህ መንገድ አይጎደጉድም፣ አፈር ተሞልቶለታል። መስኩ ሲያብጥ ይህ አያብጥም፣ ተቆርጦለታል። ተፈጥሮ እንዲህ ያለ መስመር አትሠራም። ለእግረኛም ማንም እንዲህ አይደክምም። ለፈረስ ነው የተሠራው። የተጫነ ጋሪ በሐዲድ ላይ የሚጎትት ፈረስ ሜዳ ላይ ከሚችለው ብዙ እጥፍ ይጎትታል። ዳገት ሲመጣበት ግን ያ ሁሉ ጥቅም ይጠፋል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ምድሩን በአካፋና በዶማ አስተካከሉለት። ያ ሥራ እስካሁን አለ። አንድም ሐዲድ ሳላይ የባቡር መንገድ ላይ መሆኔን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ወደ ፊት ስትሄድ ወፎች የሚያርፉበት አንድ ኩሬ ታልፋለህ። ከዚያ ወዲያ የሰሜኑ ዳርቻ ነው። ድንጋዩ ይፈለጥበት የነበረው ካባ እዚያ ነው ያለው። ዛሬ ሣርና አሸዋ አልብሶታል፤ የተቆረጠው ገደል ግን ይታያል። ሌላ ከዚህ የቀደመ የሐዲድ መንገድም ነበረ፤ እሱ ከመንደሩ ወደ ምዕራብ ይሄዳል።

እዚያ ቆሜ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ከክብደቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው አየር ሆኖ ይሄዳል። መቶ ኪሎ ድንጋይ ብታቃጥል 56 ኪሎ ያህል ኖራ ነው የምታገኘው። ታዲያ ምድጃውን ካባው አፍ ላይ ሠርቶ ቀላሉን ኖራ ማጓጓዝ አይሻልም ነበር? ለምን ከባዱን ድንጋይ ደሴቲቱን አቋርጠው ጎተቱት?

መልሱ ከመንገዱ ሌላኛው ጫፍ ነው ያለው። ለማቃጠል ከሰል ያስፈልጋል። ከሰሉ የሚመጣው በመርከብ ነው። ከዳንዲ የሚነሱ መርከቦች ከሰል ይዘው ይመጡና ኖራ ጭነው ይመለሳሉ። የሰሜኑ ዳርቻ ለነፋስ የተጋለጠ ነው። መርከብ በሰላም የሚቆመው በደቡብ በኩል፣ ግንቡ አጠገብ ነው። ከሰልም ኖራም እዚያ ከሆኑ ድንጋዩ ወደነሱ መምጣት አለበት። የምድጃው ቦታ፣ የመርከቡ ማቆሚያና የካባው ርቀት በዚህ አንድ የሣር መስመር ታስረዋል። መስመሩን ብታጠፋው ሦስቱ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ፍርስራሾች ይሆናሉ። «የሌለ ነገር» ያሉት ይህንን ነው።

ጸሐፊው ከጽሑፋቸው አናት ላይ ያወጡትን ፎቶም ተመልሼ አየሁት። ግንቡን ከሩቅ ነው ያነሱት። ከሥሩ ወደ ቀኝ የምትዘረጋ ቀጥ ያለች አረንጓዴ መስመር አለች። እሷ ናት። ውብ ስለሆነች ሳያስቡት ፎቶው ውስጥ አስገብተዋታል።

ሁለተኛው ነጥባቸው ከሁሉም የከበደኝ ነው። ይህች የቅዱሳን ደሴት ናት ይላሉ፤ የፋብሪካ ጥራጊ አይመጥናትም፣ ቅድስናዋን ያጎድፋል።

ቅድስናዋን አልክድም። ቅዱስ ኤይዳን እ.ኤ.አ. በ635 ገዳሙን መሠረተ። ቅዱስ ከትበርት ከዚያው ነው። በብርና በወርቅ ሳይሆን በቀለምና በብራና ጥበብ የምትደነቀው የሊንዲስፋርን ወንጌል እዚያው ተጻፈች፤ ዛሬ ለንደን በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ793 ቫይኪንጎች መጥተው ገዳሙን ዘረፉት። የዳጋ እስጢፋኖስንና የክብራን ገብርኤልን ታሪክ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ሁሉ ቤቱ ያለ ያህል ነው የሚሰማው። ደሴት፣ መነኮሳት፣ ብራና፣ ውኃ። እኔም መጀመሪያ የሄድሁት ለዚህ ብዬ ነው።

ግን ጸሐፊው የሚያደንቁት ግንብ ራሱ ከምን ተሠራ? ወታደራዊ ምሽግ ነው። እ.ኤ.አ. በ16ኛው መቶ ዘመን ገዳሙ ሲዘጋ የገዳሙን ድንጋይ ወስደው ነው የሠሩት። በኋላ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንድ ባለጸጋ የመጽሔት አሳታሚ ገዝቶት ኤድዊን ሉቲየንስ በሚባለው አርክቴክት የመዝናኛ ቤት አደረገው። መድፍ የተጠመደበትና በፈረሰ ገዳም ድንጋይ የተሠራው ምሽግ ቅድስናውን ካላጎደፈ፣ ለገበሬ ማሳና ለግንበኛ ኖራ ያቀረበው ምድጃ በምን ያጎድፋል?

ሥራስ መቼ ነው ከቅድስና የተጣላው? ስለ ከትበርት የተጻፈውን ያነበበ ያውቃል። ፋርን ወደምትባለው ትንሽ ደሴት ብቻውን ሲገባ በዓቱን በገዛ እጁ ሠራ። ስንዴ ዘራ፣ አልበቀለለትም። ገብስ ዘራ፣ በቀለለት። የኛ መነኮሳትስ? ዘጌ የሄደ ሰው ቡናውን ማን እንደሚለቅምና ማን እንደሚያሰጣ አይቷል። ዳጋ ላይ ማሳ አለ። እንጨት ይፈለጣል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ታንኳ ይጠገናል። ገዳምን ከሥራ ለይተን በሥዕል ፍሬም ውስጥ የምናስቀምጠው እኛ ከተሜዎች ነን።

እዚህ ላይ ስለ ኖራ ትንሽ ልበል፤ ጸሐፊው እንደ ቆሻሻ ስላነሱት ቅር ብሎኛል። ኖራ ባይኖር የጣና ዙሪያ ዛሬ የምናየው ጣና አይሆንም ነበር። በአፄ ሱስንዮስና በልጃቸው በአፄ ፋሲል ዘመን በሐይቁ ዙሪያ በኖራ የተያያዙ ግንቦች ተሠሩ። ጎርጎራ ያለችው ማርያም ግምብ በኖራ ነው። የጎንደር ግንቦች በኖራ ናቸው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ደቅ ደሴት ላይ ያሠሩት የናርጋ ሥላሴ ድንጋይም የተያያዘው በኖራ ነው። ወደ ጢስ አባይ ፏፏቴ ስትሄድ የምትሻገረው የ17ኛው መቶ ዘመን የድንጋይ ድልድይም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ ግንብ አንድ ሰው ድንጋይ ፈልጧል። አንድ ሰው እሳት ላይ ቆሟል። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ እሳቱ ቀንና ሌሊት አይጠፋም። የወጣው ኖራ ውኃ ሲነካው ይፈላል። ላብ የነካውን ቆዳ ይበላል፣ ዓይን ያጠፋል። በመርከብ ሲጫን ዝናብ ከገባበት መርከቡን ሊያቃጥል ይችላል። ያሠሩትን ነገሥታት በስም እናውቃቸዋለን። እሳቱ ላይ የቆሙትን አናውቃቸውም። ጎንደር የኖራ አቃጣዮቹ ምድጃ ዛሬ ቢገኝ እኔ ከፋሲል ግንብ ቀድሜ እሱን ነው የማየው። ሊንዲስፋርኖች ያ ምድጃ አላቸው፣ ወደ ምድጃው የሚያመጣው መንገድም አላቸው። አፍርሱት ሊባሉ አይገባም።

ኖራ ለእኛ የድሮ ነገርም አይደለም። ጎጃም ውስጥ መሬቱ አሲዳማ እየሆነ ገበሬው ተቸግሯል። ማዳበሪያ ይጨምራል፣ ምርቱ አይጨምርም። መድኃኒቱ ተብሎ የሚሰጠው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ያኔ የዳንዲ መርከቦች ኖራ ሲጭኑ አንዱ ደንበኛቸው አሲዳማ መሬት የነበረው ገበሬ ነው። ባንጃ ያለ ገበሬ ያንን የሐዲድ መንገድ ቢያሳዩት ምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ይገርመዋል፤ ድንጋዩን ከመፍጨት ይልቅ ማቃጠላቸው።

ሦስተኛ፣ ድርጅቱ ጥቂት አሥርት ዓመታት ብቻ ሠርቶ የተዘጋ የከሰረ ንግድ ነው ይላሉ። አዎ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሥራው ቆሟል። ታዲያ? የአንድ ሰው ሙሉ የሥራ ዕድሜ ያህል ነው እኮ። በአሥራ አምስት ዓመቱ ፈረስ መሳብ የጀመረ ልጅ እዚያው ሽበት አብቅሏል። ለሱ አጭር አልነበረም። የዕድሜ ማጠር መመዘኛ ከሆነ የኛም ብዙ ነገር ይወድቃል፤ አንዱ ንጉሥ የሠሩትን ከተማ ቀጣዩ ጥለው የሄዱበት አገር ነው ያለን።

አራተኛው ስለ ገንዘብ ነው። ሕዝብ ዳቦ በሚፈልግበት አገር ለዛገ ብረት በጀት መመደብ ግፍ ነው ይላሉ። እዚህ ላይ በከፊል አብሬያቸው ነኝ። እምቦጭ ሐይቁን እየወረሰ፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ባዶ እያወጣ ማንም ሙዚየም ይሠራ አልልም። ግን ጸሐፊው የሊንዲስፋርንን ወጪ አግንነውታል። ያ መንገድ የሣር መሄጃ ነው። ሰው ይሄድበታል፣ በግ ይግጥበታል። ምድጃዎቹን ግንቡን የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ባለአደራ ድርጅት አብሮ ይዟቸዋል። ዋናው ሥራ አለማፍረስ ነው። አለማፍረስ ደግሞ ከማፍረስ ይረክሳል፤ ለዶዘር አትከፍልም።

እዚያው ወደቡ ዳር ሌላም ነገር አለ። ያረጁ የዓሣ ጀልባዎችን ገልብጠው ጣሪያ አድርገዋቸዋል። በር ሠርተውላቸው መረብና ዕቃ ያስቀምጡባቸዋል። ያንን ሳይ በጣም ነው የቀናሁት። ያረጀ ነገር ሁሉ ወይ ይሸጣል ወይ ይጣላል ብሎ ያላሰበ ሰው የሠራው ነው።

አሁን ወደ አምስተኛው ልምጣ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ጣና ላይ ሐዲድ ኖሮ አያውቅም፣ እኛ የኢንዱስትሪ ታሪክ የለንም፣ ስለዚህ ከሊንዲስፋርን የምንማረው ገዳም ማክበርን ብቻ ነው።

ባሕር ዳር የኢንዱስትሪ ታሪክ የላትም? ይህችን ከተማ ከተማ ያደረጋት ምኑ ሆነና! ጨርቃ ጨርቁ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሣ። አስቡት፤ በወረራ ለደረሰብን ግፍ ከተከፈለው ገንዘብ ነው ክር የፈተልነው። ለሱ መብራት የሚሰጠው የመጀመሪያው የጢስ አባይ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ፤ ጉልበቱ ከ11 ሜጋ ዋት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሁለተኛው፣ 73 ሜጋ ዋቱ፣ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ፖሊ ቴክኒኩ በሶቪየት ኅብረት ዕርዳታ የተሠራው በዚያው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ወጣቱ ብረት መቁረጥና ክር ማሽን መጠገን የተማረው እዚያ ነው። ልጅ ሆኜ ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በብስክሌት ይሞላ ነበር። ሠራተኞቹ ፀጉራቸው ላይ ጥጥ እንዳለ ነበር የሚወጡት። እናቶቻችን በጥጡ ብዛት ማን በየትኛው ክፍል እንደሚሠራ ይለዩ ነበር። ይህ የኢንዱስትሪ ታሪክ ካልሆነ ምን ይባላል?

ሐይቁስ? ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በጀልባ ሲኬድ ጣልያን ከመጣ ወዲህ ስንት ዘመን ሆነ! ሞተር ጀልባ ባለበት ሁሉ መጠገኛ አለ። መጠገኛ ባለበት ጀልባውን ከውኃ ማውጫ አለ።

ስለዚህ ነገር የራሴ ታሪክ አለኝ።

አጎቴ የጀልባ መካኒክ ነበሩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ምሳቸውን የማደርሰው እኔ ነበርሁ። የሚሠሩበት ግቢ ውስጥ ከውኃው የሚወጡ ሁለት ሐዲዶች ነበሩ። ከሐይቁ ወለል ተነስተው በተዳፋቱ ሲሚንቶ ላይ ወደ ደረቁ ይወጣሉ። ላያቸው ላይ አራት ጎማ ያለው የብረት አልጋ ነበር። ጀልባው ውኃ ላይ እንዳለ አልጋው ከሥሩ ይገባል። ከዚያ ላይ ያለውን የብረት ገመድ መጠምጠሚያ አራት ሰዎች ያዞራሉ። ቀስ እያለ፣ እየተንቋቋ፣ ያ ግዙፍ ጀልባ ውኃውን እያንጠባጠበ ይወጣል። ሆዱ ላይ አረንጓዴ ሣር ተለጥፎበት ይታያል። ለኔ ለልጁ ከዚህ የበለጠ ትርኢት አልነበረም። ጋሼ «ባቡሩን አምጡ» ይሉ ነበር፤ የብረቱን አልጋ ማለታቸው ነው። በኛ በኩል ባቡር ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ወፍጮ ቤት ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው ባቡሬ እሱ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ተመልሼ ስሄድ ሐዲዶቹ የሉም። ግቢው ለሌላ ሥራ ተሰጥቷል። ብረቱ እየተቆረጠ በኪሎ ለቆራሌ ተሽጧል። ማንም ፎቶ አላነሳም። ማንም አልለካም። አንድ ኃላፊ ነኝ ያለ ሰው ጠይቄው «አሮጌ ብረት ነበር» አለኝ። መልሱ ይኸው ነበር። ጋሼ ያን ቀን ምንም አልተናገሩም። ቤት ገብተው ብዙ ሰዓት ዝም አሉ። ሰላሳ ዓመት የሠሩበት ነገር በኪሎ ሲመዘን ሰው ምን ይላል?

ለዚህ ነው የጸሐፊው ምክር የሚያስፈራኝ። ሐይቁ ዳር ያለውን አሮጌ ብረትና ሲሚንቶ ጥረጉ የሚል ምክር እዚህ ከተማ ሰሚ ያጣል ብዬ አልሰጋም። ያለ ምክርም እየተጠረገ ነው። ሐይቁ ዳር መዝናኛ ሲሠራ፣ መንገድ ሲሰፋ፣ መጀመሪያ የሚሄደው ስሙ ያልተጻፈለት ነገር ነው። ገዳሙን ማንም አይነካውም፤ አይንካውም። ጀልባ ማውጫውን ግን ማን ይጠይቅለታል?

ታንኳም ከዚሁ ይቆጠራል። የደንገል ታንኳ ወራት ያህል አገልግሎ ይበሰብሳል፤ ሐዲድ የለውም፣ ድልድል የለውም። ግን እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ከዘጌ በኩል ተቀዝፈው መጥተው የሚያራግፉበት ቦታ አለ። ከዚያ ወደ ገበያው የሚወጣ መንገድ አለ። ስንት ትውልድ በሸክም የሄደበት ነው። የሊንዲስፋርኑ መንገድ ካባን ከመርከብ እንዳገናኘ፣ ይህኛው ደንገልን ከምድጃ፣ ዘጌን ከባሕር ዳር እናት ወጥ ጋር አገናኝቷል። ደንገሉን የሚያስሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ስለዚያ ማራገፊያ የሚያውቁትን የጻፈ ሰው ካለ እጁን ልሳም።

«ጣና ላይ ሐዲድ የለም» የሚለውንም ቢሆን ቸኩለው ነው የጻፉት። ሐዲዱ ነበረ፤ አጭር ነበር፤ እኔ ላዩ ላይ ተቀምጬ ምሳ ጠብቄአለሁ። አሁን ያለው ሲሚንቶው ብቻ ነው። ባለፈው ክረምት ከመግባቱ በፊት ጋሼን ይዤ ሄድሁ። ዘበኛው ደግ ሰው ነው፣ አስገባን። ተዳፋቱ አለ። ውኃው ሲሸሽ የታችኛው ጫፍም ይታያል። ሐዲዱ የተያዘባቸው የቡሎን ቀዳዳዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ወደ ውኃው ይወርዳሉ። አንዳንዱ ውስጥ የተቆረጠ ብረት ጉቶ ቀርቷል። ጋሼ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩትና «ይኼኛው ሁልጊዜ ይላላ ነበር፤ በየሳምንቱ ነበር የማጠብቀው» አሉኝ።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሜትርና ካሜራ ይዞ የሚሄድ ሰው። ከጨርቃ ጨርቁ፣ ከኃይል ማመንጫው፣ ከጀልባው ሥራ ጡረታ የወጡትን ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ሰው። የትኛው ማሽን የት ነበር፣ ስሙን ምን ትሉት ነበር፣ ማን ተጎዳበት፣ ማን ጠገነው። ዩኒቨርሲቲያችን ታሪክና ምሕንድስና የሚማሩ ስንት ልጆች አሉት! ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ቦታው ለሌላ ሥራ ቢፈለግ እንኳ ተመዝግቦ ይሄዳል።

ጋሼ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያበቃ ተመልሰን ልንለካው ተስማምተናል። በሁለቱ የቀዳዳ ረድፎች መካከል ስንት እንደሆነ እሳቸው በቃላቸው ነግረውኛል፤ በሜትር አረጋግጬ እጽፈዋለሁ። ጸሐፊው በዚያ ወር ባሕር ዳር ካሉ አብረውን ይምጡ። የሜትሩን ሌላኛውን ጫፍ የሚይዝልን ሰው ያስፈልገናል።